እንግዳ የማይገባበት ኩሽና

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። መሃል ላይ "ቆይ እሷ ደሞ ማን ነበረች?" ብለሽ ብታቋርጪኝ እንጣላለን።

ማርቲዝ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካለች፣ እሺ? የዚ ጁዛ የጓሮ በር ሥር። ከተማችንን ሞርዌልን በሐምሌ ታውቂያታለሽ፣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ውርጭ ለብሷል። እጇ ላይ የቅቤ ቢላ አለ፤ ደህና ቢላ ለመፈለግ ጊዜ የላትም። በሩ ሥር የተለጠፈውን ጎማ፣ ያንን ነፋስ አያስገባም የተባለለትን፣ ትፈለቅቃለች። ጎማው ደሞ አልላቀቅ ብሏታል። ራሷ እኮ ናት የለጠፈችው፣ በደንብ አድርጋ።

ዚ ጁዛ ሎሚው ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ በሌሊት ልብሳቸው። ብርድ ልብስ ጣል አድርጋባቸዋለች፤ ከዛ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው ይጮኻሉ።

"አንቺ ልጅ! ቀለሙን ልጠሽ ጨረስሽው እኮ!"

"ይላጥ።"

"ጎረቤት እያየን ነው! በሌሊት ልብስ ጎትተሽ አውጥተሽኝ!"

"ይዩና ዚ ጁዛ። አሁንም ያዞርዎታል?"

"የምታዞሪኝ አንቺ ነሽ!" አሉና ወደ ጎን ዘንበል ብለው ሎሚው ሥር አስመለሱ።

ዚ ጁዛ የማርቲዝ ናና፣ የአያቷ፣ ታናሽ እህት ናቸው፤ ዚ የምንላቸው ያው አክስት ለማለት ነው። ቁመታቸው እዚህ ደረቴ ጋ ነው፣ ድምፃቸው ግን ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሁሌ እሁድ ቅዳሴ የምታደርሳቸው ማርቲዝ ናት። የዛን ቀን የፊቱን ደወል ብትደውል ብትደውል ዝም አሉ። ዞራ በጓሮ ብትገባ የኋላው ኩሽና ውስጥ ታጣፊ አልጋ ላይ አገኘቻቸው፤ ዓይናቸው ተከፍቷል ግን እሷን እያዩ አይደለም። የጋዝ ማሞቂያው ይነዳል። ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ የሚስበው ፋን እንደበራ አድሯል፤ ማታ ዓሣ ጠብሰው፣ ሽታው እንዲወጣ ብለው ትተውት ነው። ቤቱ ሞቅ ብሏል፣ ደስ ይላል። ምንም ምንም አይሸትም።

ማርቲዝ ወዲያው ገባት። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው ብላኛለች፤ ማሰብ እንኳን አላስፈለጋትም። ማሞቂያውን አጠፋች፣ በብብታቸው ይዛ እየጎተተች አወጣቻቸው፣ አምቡላንስ ጠራች፣ የጋዝ አደጋ ሠራተኞችን ጠራች። ጎማው ያኔ ተነሳ አልተነሳ ለውጥ አልነበረውም፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እጇ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።

እንዴት መሰለሽ ነገሩ። አምና ትምህርት ስንጨርስ እኔ የማኅበራችን ክበብ ባንኮኒ ጋ ፓስቲትሲ፣ ያንን አይብ የተሞላ ኬክ፣ ማሞቅ ጀመርኩ፣ እሷ ደሞ ትሬንት ጋ ገባች። ትሬንት፣ ያ ረጅሙ፣ ነጭ ቫን ያለው። መንግሥት "ቤታችሁን ከነፋስ ድፈኑ፣ ጋዝና መብራት ቆጥቡ፣ ወጪውን እኔ እደጉማለሁ" ካለ ወዲህ እንደሱ ያለው ሰው በዝቷል አይደል? በር ያንኳኳል፣ በበሩና በመስኮቱ ጎማ ይለጥፋል፣ ያረጀውን አምፖል በአዲስ ይቀይራል፣ ሒሳቡን ከመንግሥት ይቀበላል። ባለቤቷ ሰባራ ሳንቲም አታወጣም። ችግሩ ከባሕር ማዶ የመጡት የኛ ሴትዮዎች ለማያውቁት ሰው በር አይከፍቱም። "በነፃ ነው" የሚል ሰው ሲያዩማ ሁለተኛውንም ቁልፍ ይቆልፉበታል።

"ለኔ ይከፍቱልኛል" አለችው ማርቲዝ።

ከፈቱላታ! ክበቡ ውስጥ ቶምቦላ፣ ያ የቁጥር ዕጣ ጨዋታ፣ ባለበት ቀን ናናዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ "የመንግሥት ነው፣ የናናንም ቤት ሠርተናል፣ እግሬን በረደኝ ማለት ትታለች" አለች። በቃ። ናና ቪቶሪን ደሞ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው አሳዩ፣ በስስ ካልሲ! ሴትዮዎቹ ተሰልፈው ነው የተመዘገቡት።

አሁን ወደ ኩሽናው ልምጣልሽ። እኛ ጋ ሁለት ኩሽና እንዳለ ለሰው አናወራም። አንቺም ቤት አለ፣ አትካጂኝ። የፊቱ ለእንግዳ ነው። ምድጃው ከተገዛ ጀምሮ በርቶ አያውቅም፣ ወንበሮቹ ፕላስቲካቸው አልወለቀም፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ማንም ያልጠጣበት ስኒ ተደርድሯል። ኑሮው ግን ከኋላ ነው። ዘይት የሚረጨው፣ ጥንቸል የሚገፈፈው፣ ካልሲ የሚሰጣው፣ ቲቪ የሚታየው እዛ። ያ ቡናማው የድሮ የጋዝ ማሞቂያም እዛ። ክረምት ሲመጣ አልጋውም እዛ፣ ሁለት ክፍል ማሞቅ ማን ይችላል። ሰው ሊመጣ ሲል በሩ ጥርቅም ይደረጋል፣ ፀጉር ይበጠራል፣ ወደ ፊት ይወጣል።

ትሬንት ዚ ጁዛ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ሁሉም ቤት ይጠይቃል፣ ግዴታው ነው።

"የጋዝ ማሞቂያ አለዎት እማማ? ካለ ጎማውን አልለጥፍም።"

"ለምን?"

"ማሞቂያው አየር ይፈልጋል። እኛ ቤቱን ድፍን አድርገን፣ እርስዎ ደሞ የምድጃውን ፋን ካበሩ፣ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ይመለሳል። አይታይም፣ አይሸትም። ይገድላል።"

ዘግተሽ ከሰል አንድደሽ እንደመተኛት በይው።

"የለኝም" አሉ ዚ ጁዛ፣ ብስኩቱን ወደሱ እየገፉ።

ትሬንት ከማቀዝቀዣው ጎን ያለውን የተዘጋ በር አየ። "ከዛ ጀርባስ?"

"ዕቃ ቤት ነው።"

ወደ ማርቲዝ ዞረ። "ዕቃ ቤት ነው?"

ዚ ጁዛም አዩዋት። እንዴት እንዳዩዋት አልነግርሽም፣ የኛ ሴትዮዎች ሲያዩሽ ታውቂዋለሽ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ትዝ ይልሻል ትምህርት ቤት እያለን ያቺ ጸጉረ ቀይዋ ልጅ ማርቲዝ ቤት ልታጠና መጥታ፣ "ለምንድነው ጋራዥ ውስጥ ምድጃ ያላችሁ? ድሆች ናችሁ?" ያለቻት? በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ጋራዥ ጋራዥ እያለ የጠራት? ትሬንት ደሞ ገና አለቃዋ የሆነ፣ ቆንጆ ቤት ያደገ ሰው። እዛ በር ውስጥ የዚ ጁዛ የውስጥ ልብስ ወንበር ላይ ተሰጥቷል፣ ታጣፊ አልጋው ተዘርግቷል። ማርቲዝ ሳታየውም ሁሉንም ታውቀዋለች።

"ዕቃ ቤት ነው" አለች።

ትሬንት ከፊት ያሉትን ሠራ፣ ዕቃውን ሊጭን ወደ ቫኑ ወጣ። ዚ ጁዛ ክንዷን ያዟት።

"የኔ ልጅ፣ ያቺን የኋላዋን በርስ? ነፋሱ የሚገባው እኮ በሷ ነው።"

የተረፈ ጎማ ነበር። ለጠፈችላቸው። ግድግዳው ላይ ያለችውንም የአየር ቀዳዳ ደፈነችላቸው። ትሬንት ያለውን ሰምታው ነበር፣ አልሰማሁም አላለችም። "ይሄ ማሞቂያ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚሁ ነው፣ እስካሁን ማንን ገደለ?" ብላ ነው በልቧ። ከናናዋ ቤት ጀምሮ ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው የሆነው። ትሬንት ከፊት፣ ማርቲዝ ከኋላ። ተባረኪ፣ ከኛ ወገን የሆነ ሰው እንዲህ ነው ይሏታል፣ ሎሚ በከረጢት ያሸክሟታል። ደስ ብሏት ነበር እኮ ሞኟ።

እሺ፣ ወደ ጓሮው እንመለስ። አምቡላንሷ መጣች፣ የጋዙ ሰውዬም ተከትሎ መጣ፤ ግዙፍ፣ ጺማም፣ ቦት ጫማ ያደረገ። ዚ ጁዛ አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎባቸዋል። ጭምብሉን ከፍ አድርገው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"በፊት በር አስገቢው! በኋላ እንዳይገባ!"

"ዚ ጁዛ፣ ማሞቂያው እኮ ያለው—"

"ፊት ለፊቱን ትናንት ነው የወለወልኩት! እዛ አስቀምጪው!"

ሰውየው በኋላ ገባ። ማርቲዝ ቀድማው ሮጣ ወንበሩ ላይ ያሉትን የውስጥ ልብሶች በፎጣ ሸፈነች፣ አልጋውን ልታጥፍ ስትታገል እግሩ ተቀረቀረባት። ሰውየው እጁ ላይ ጢጥ ጢጥ የምትል የጋዝ መለኪያ ይዟል።

"ተዪው የኔ እህት፣ አልጋውን አይደለም የማየው" አላት በቀስታ።

ይሄ ነው ያስለቀሳት። ቢቆጣት ይሻል ነበር።

ማሞቂያው ላይ አይነካም የሚል ቀይ ወረቀት አሰረበት። የተደፈነችውን ቀዳዳ በጣቱ ነካ፣ የተላጠውን በር አየ። "ማን ነው ይህን የለጠፈው?"

"እኔ።"

"ድርጅቱ ልኮሽ?"

"አይ። እኔ። በራሴ።"

ከዛ፣ "ሌላም ቤት ለጥፈሻል?" አላት።

ማርቲዝ አፏን ከፈተች። አላስታውስም ልትል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር ብላኛለች። "አዎ" አለች። "ብዙ።"

"በይ እንግዲህ ዛሬውኑ ድረሺባቸው። ማሞቂያውን ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ እኛም በየተራ እንመጣለን። ዛሬ ማታ ከትናንቱ የባሰ ውርጭ ነው፣ ሁሉም ይለኩሰዋል።"

ዚ ጁዛን አምቡላንሷ ወሰደቻቸው። ይተርፋሉ ብለዋታል። ማርቲዝ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ትሬንት ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረችው፤ ዕቃ ቤቱን፣ ጎማውን፣ ሁሉንም።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ ማርቲዝ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ዓይንሽን እያየሁ ነው የጠየቅኩሽ።"

"አውቃለሁ ትሬንት።"

"ለመንግሥት እኔ አሳውቃለሁ። ስላንቺ ሥራ ነገ እናወራለን። አሁን መሣሪያ ይዤ እየመጣሁ ነው። አንቺ በስልክ አስጠንቅቂያቸው።"

በስልክ! ትሬንት የኛን ሴትዮዎች አያውቃቸውም። ዚ ቼንሳ ጋ ደወለች፤ እኚያ ዕድሜያቸውን ለሐኪም እንኳን የማይናገሩት።

"ዚ ቼንሳ፣ ማርቲዝ ነኝ። ያ የኋላው ኩሽና ያለው የጋዝ ማሞቂያ—"

"የምን ማሞቂያ?"

"ቡናማው። እኔ በሩን ጎማ የለጠፍኩልዎት።"

"ምንም አልለጠፍሽልኝም። ከኋላ ዕቃ ቤት ነው ያለኝ።"

"ዚ ቼንሳ! እኔ እኮ ነኝ!"

ዚ ቼንሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ገባኝ ገባኝ። ሰውየው አጠገብሽ ነው አይደል? አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አላጋልጥሽም። የለም በይው።" ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

ሌላ ጋ ደወለች፣ ያው። ሦስተኛዋ ጭራሽ "እንዳትፈሪ፣ እኔ ብሞትም አልናገርም" አሏት። አስቢው! ብሞትም!

እንግዲህ እኔ ያየሁት ከዚህ ጀምሮ ነው። ክበቡ ጢም ብሏል፣ ዊስቲን ማይኩን ይዞ የቶምቦላ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ትሪ ሙሉ ፓስቲትሲ ይዣለሁ። ማርቲዝ ገባች። ጉልበቷ በሲሚንቶ ነጥቷል፣ ጥፍሯ ደምቷል። ቀጥታ ናናዋ ጋ ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና በጆሯቸው ነገረቻቸው። የናና ቪቶሪን ፊት እንዴት እንደሆነ አየሁት።

"እህቴ?"

"ደህና ናቸው። ሆስፒታል ናቸው፣ ይተርፋሉ። ናና፣ ያንቺንም ማጥፋት አለብን። የሁሉንም።"

"ቀስ በይ። ድምፅሽን።" ናና ቪቶሪን ዙሪያውን አዩ። "በየጆሮአቸው ንገሪያቸው። አንድ በአንድ። በዝግታ።"

አደረገችው እኮ! በየጠረጴዛው እየዞረች ጎንበስ ብላ ታንሾካሽካለች። ሁሉም "እሺ እሺ" ይሏታል፣ እጇን ይመቷታል፣ ወደ ካርዳቸው ይመለሳሉ። አንዷ "የኔ ማሞቂያ እንኳን ደህና ነው፣ ቄሱ ቤቱን ሲባርኩ ጸበል ነክቶታል" አሏት። ሌላዋ "ለቼንሳ ንገሪያት፣ የሷ ነው ያረጀው" አሉ። ዚ ቼንሳ ደሞ ምራታቸው አጠገባቸው ስላለች ገና ማርቲዝ ስትጠጋ፣ "ስለ ዳንቴሉ በኋላ እናወራለን!" ብለው ጮኹ። የምን ዳንቴል? ማንም ስለ ዳንቴል አላወራም።

ማርቲዝ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች። መስኮቱን አየችው፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት እየሄደ ነው፣ ውጭው ጉም መልበስ ጀምሯል። ከዛ ወደ ዊስቲን ማይክ ተራመደች። ናና ቪቶሪን ቀድመው ገባቸው፤ ተነስተው እጅጌዋን ያዙ።

"ማርቲዝ። የሰው ጓዳ በማይክ አይወራም።"

"የሰው አላወራም ናና።"

"የማንን ልታወሪ ነው ታዲያ?"

እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ዊስቲን ቁጥር ሊጠራ አፉን እንደከፈተ ማይኩን ከእጁ ወሰደችው። ወደ አፏ ስታስጠጋው ማይኩ ጥርሷን መታው፣ ጓ አለ።

"ማርቲዝ ነኝ" አለች። "የናና ቪቶሪን የልጅ ልጅ። ናናዬ የፊቱን ኩሽና ምድጃ ለኩሳው አታውቅም። የምትኖረው ከኋላ ነው። ክረምቱን እዛው ነው የምትተኛው፣ በታጣፊ አልጋ፣ ከነካፖርቷ። ምክንያቱም ብርድ ነው፣ ቤቱን በሙሉ ማሞቅ አትችልም። እዛ ጓዳ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አለ። ሠራተኛው ሲጠይቀን ዕቃ ቤት ነው አልኩት። ዋሸሁት። አፍሬ ነው። ከዛ እኔ ራሴ በሩን ደፈንኩት፣ ቀዳዳውንም ደፈንኩት። ዚ ጁዛም ቤት እንዲሁ አደረግኩ። ዛሬ ጠዋት ዚ ጁዛ ሊሞቱ ነበር። ያሳመማቸው እርጅና አይደለም፣ እኔ ነኝ። ራስ ምታት ያለባችሁ፣ ጠዋት የሚያቅለሸልሻችሁ ካላችሁ... እሱም እኔ ነኝ።"

ፓስቲትሲው ትሪዬ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማኝ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ካርዱን ያያል። ማርቲዝ ማይኩን እንደያዘች ቀረች፣ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀልቷል። እኔ ራሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር፣ እኔ እንኳን ምንም ሳላደርግ።

ከዛ ዚ ቼንሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጎረቤቴ ቤት" አሉ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ፣ "ጎረቤቴ ቤት እንዲህ ያለ ማሞቂያ አለ። ሰሞኑን ራሷን ያማታል። ምን ልበላት?"

"አጥፊው ይበሏት" አለች ማርቲዝ። "መስኮት ክፈቺ፣ ፊት ለፊት ተኚ ይበሏት።"

"የኔም ጎረቤት አላት" አሉ ከወዲያ አንዷ።

"የኔም።"

"የኔ ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። እኔ ጎመኑ ነው ብዬ... እሷ ጎመኑ ነው ብላ ነበር።"

ሞርዌል ውስጥ በዛች ቅጽበት የራሱ ቤት ያለው ሰው አልነበረም እልሻለሁ፣ ሁሉም ጎረቤት ብቻ ነው። የዚ ቼንሳ ምራት "እማዬ፣ እኛ እኮ ጎረቤታችን ባዶ መሬት ነው" ስትል "ዝም በይ!" ብለው በክርናቸው ጎሰሟት። የሳቀ የለም። እኔ ልስቅ ነበር፣ ግን ናና ቪቶሪንን አየኋቸው።

ናና ቪቶሪን ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር። ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉት፣ እስከ አንገታቸው፤ ያ በማይክ የተወራበት ካፖርት ነው፣ ሌላ የላቸውም። በማርቲዝ በኩል ሲያልፉ ቆሙ።

"በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልጋዬን ዘረጋሽው" አሏት።

"ናና" አለች ማርቲዝ።

"ቁጥሬ አንድ ነበር የቀረው" አሉና ወጡ። ላደርስዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። በእግራቸው፣ በዛ ጉም። ኋላ ኋላቸው በመኪና ቀስ እያለች ቤታቸው ድረስ ተከተለቻቸው፣ አንዴም ዞረው አላዩዋትም።

ትሬንት ከነመፍቻው ደረሰ። ማርቲዝ ተመልሳ ክበቡ በር ላይ ጠብቃው ነበር። መጀመሪያ ማን ቤት እንሂድ ሲላት፣ ሴትዮዎቹ እዛው ቆመው ስለሚሰሙ፣ "የማን ነው ብለህ አትጠይቅ" አለችው። "የጎረቤትዎን ቤት ያሳዩኝ በላቸው። በጓሮ ውሰዱኝ በል፣ አንገትህን ደፍተህ ግባ፣ ጎማውን አንሳ፣ ውጣ።" ትሬንት ምንም አልገባውም ግን እንዳለችው አደረገ። የጋዙም ሰውዬ ደረሰባቸው። ዚ ቼንሳ "የጎረቤታቸውን" በር በራሳቸው ቁልፍ ሲከፍቱ ትሬንት ጫማውን ያይ ነበር አሉኝ። እስኪመሽ በየቤቱ ሲዞሩ ዋሉ። ናና ቪቶሪን ቤት ማርቲዝ አልገባችም፤ መኪና ውስጥ ቀረች። ትሬንት ገብቶ በሩን ከፍቶላቸው፣ ማሞቂያውን አጥፍቶ ወጣ። እንዳይለኮስ ቀይ ወረቀቱን የሚያስረው የጋዙ ሰውዬ ግን ሌላ ጥሪ መጥቶበት ሄዷል፣ እሳቸው ጋ ነገ ጠዋት ነው የሚደርሰው።

ክበቡን ዘግቼ ስወጣ ማርቲዝ መኪናዋ ውስጥ ነበረች፣ ሞተሩን አስነስታ። የኋላው ወንበር ላይ ትራስና ሁለት ብርድ ልብስ አለ። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብዬ፣ "ወዴት ነው በዚህ ብርድ? ናናሽ እንደሆኑ ዛሬ አያስገቡሽም፣ ሁለት ሦስት ቀን ተያቸው፣ ይብረድላቸው" አልኳት። ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

"እሷ እልኸኛ ናት፣ ማንም ሳያያት ተነስታ ትለኩሰዋለች። ታስገባኝም አታስገባኝም እዛው ኩሽና ወለሉ ላይ ነው የማድረው። እስኪነጋ ትስደበኝ፤ እየሰደበችኝ ካደረች እኮ እየተነፈሰች ነው ማለት ነው።"